ዲኦክሲት ዲ100፦ በ1969 ቮልስ ላይ አንድ ክረምት የተፈተነ የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ

ባለፈው ግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ የአባቴን ቮልስ ከግቢያችን ግንብ ፊት ለፊት አቁሜ የፊት መብራቷን ባበራሁ ጊዜ ግንቡ ላይ ያረፈው ብርሃን የደከመና ቢጫ ነበር፤ ግራው ደግሞ ከቀኙ ፈዝዞ ይታያል። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1969 ሥሪት፣ ባለ 1500 ሞተርና ባለ 12 ቮልት ናት። ባትሪዋ ዓመት አልሞላውም፣ ዲናሞዋ በሚገባ ይሞላል፣ አምፖሎቿም አዲስ ናቸው። ቀደም ሲል ያሳየኋት አንድ ጋራዥ የሽቦ መስመሯ እንዳለ ወጥቶ በአዲስ እንዲተካ መክሮኝ ነበር። የተጠየቀው ገንዘብ ከአቅሜ በላይ ከመሆኑም ሌላ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያገለገለ የፋብሪካ ሽቦ ተቆርጦ ሲጣል ለማየት ልቤ ስላልፈቀደ መኪናዋን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሠፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ አንድ አዛውንት አሉ። ነገሩን ሳጫውታቸው መኪናዋን እንኳ ሳያዩ፣ «ልጄ፣ ሽቦ እንዲሁ አይደክምም፤ የሚደክመው ሽቦው የሚጨብጠው ቦታ ነው። ቴስተርህን ያዝና መጀመሪያ ማሳውን፣ ቀጥሎ የፊውዙን ጥፍር ፈትሽ» አሉኝ። ማሳ የሚባለው ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት መንገድ ነው፤ ጥፍር ደግሞ ፊውዙን ከሁለት ጫፉ ጨብጦ የሚይዘው ስስ ብረት ነው። «ጋሼ፣ ዝገት ቢገኝስ በምን ይጸዳል?» ብዬ ስጠይቃቸው እርሳቸው በናስ ብሩሽና በትዕግሥት እንደሚሠሩ፣ ፈረንጆቹ ግን ለዚሁ ብለው የሚሠሩት ቀይ ፈሳሽ እንዳለና አንድ ደንበኛቸው ከውጭ አምጥቶላቸው እጅግ እንደ ወደዱት ነገሩኝ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ቀይ ፈሳሽ ነው።

ስሙ ዲኦክሲት ይባላል፤ የሚያመርተው በካሊፎርኒያ የሚገኘው ኬግ ላቦራቶሪስ ነው። በብዛት የሚታወቀው በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሰዎች ዘንድ ሲሆን፣ የአሮጌ ሬዲዮና የማጉያ ጠጋኞች የሚንኮሻኮሽ የድምፅ መቆጣጠሪያን ለማከም ይጠቀሙበታል። በገበያ ላይ በተለያየ መልክ ይገኛል። ዲ5 የተባለው በቆርቆሮ የሚረጭ ሲሆን በውስጡ ያለው ዋናው ንጥረ ነገር 5 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው አሟሚ ፈሳሽና ገፊ ጋዝ ነው። ዲ100 የተባለው ግን ያልተበረዘው፣ መቶ በመቶ የሆነው ነው። እኔ የፈተንኩት 25 ሚሊ ሊትር የምትይዝ፣ ጫፏ ላይ እንደ መርፌ ቀጭን ቱቦ ያላት ብልቃጥ ናት። ወርቅ ለተቀቡ መገናኛዎች ተብሎ የተለየ ዓይነትም አለ፤ ለአሮጌ መኪና ግን አያስፈልግም፤ በቮልስ ውስጥ የሚገኘው ናስ፣ መዳብና ቆርቆሮ ነውና።

ብልቃጧን ያመጣችልኝ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። ከአሜሪካ ለሚያስመጡ ሰዎች አንድ ጠቃሚ ነገር እዚህ ላይ ልናገር። በመጀመሪያ የጠየቅኋት የሚረጨውን ቆርቆሮ ነበር፤ ነገር ግን ለጥገና ሥራ የሚውል፣ ተቀጣጣይ ጋዝ ያለበት የሚረጭ ቆርቆሮ በመንገደኛ ሻንጣ፣ በእጅም ሆነ በጭነት፣ እንዲጓዝ አይፈቀድም። ፈሳሹ ብልቃጥ ግን ገፊ ጋዝ የለበትም፣ መጠኑም ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ላኪው ሰው ከመነሣቱ በፊት አየር መንገዱን መጠየቁ አይከፋም። እንግዲህ ያልተበረዘው በእጄ የገባው በአጋጣሚ ነው፤ ከተጠቀምኩበት በኋላ ግን ለመኪና ሥራ እርሱ እንደሚሻል አምኛለሁ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እናገራለሁ።

ስለ ዕቃው ከመፍረዴ በፊት የሚያጸዳው ነገር ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ሁለት ብረቶች ሲገናኙ ለዓይን ሙሉ ለሙሉ የተጣበቁ ቢመስሉም፣ በእውነት የሚነካኩት በጥቂት ጥቃቅን ጉብታዎች ላይ ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪኩም የሚያልፈው በእነዚያ ነጥቦች ነው። መዳብና ናስ አየር ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ፣ እርጥበትና አሲድ ሲጨመርበት አረንጓዴ ያወጣሉ፤ ቆርቆሮ የተቀባውም ቢሆን በላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይይዛል። ይህ ሽፋን ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ የራሱን ያክልበታል፤ በኮብልስቶን ላይ በሚሄድ መኪና ውስጥ እያንዳንዱ የፊውዝ ጥፍር በዓይን በማይታይ መጠን ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ እንቅስቃሴ ብረቱ ይፋቃል፣ የተፋቀው ዱቄት ኦክሳይድ ይሆናል፣ ዱቄቱም መገናኛው መካከል ይቀመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበት፣ ከዚያ በኋላ አቧራ ይከተላል። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር በመሆኑም የአሲዱ ትነት ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው የሚወጣው።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት በቁጥር ሲታይ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። የእኔ መኪና አጭር መብራት 40 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት 3.3 አምፒር ገደማ ይስባል ማለት ነው። አንድ የቆሸሸ የፊውዝ ጥፍር 0.18 ኦም ቢቃወም 0.6 ቮልት እዚያው ይቀራል፣ ወደ 2 ዋት የሚጠጋ ሙቀትም ጥፍሩ ላይ ይፈጠራል። ሁለት ዋት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የጥፍሩ ብረት ስስ ስለሆነ ይሞቃል፣ ሲሞቅ የመጨበጥ ኃይሉን ያጣል፣ ሲላላ ደግሞ ተቃውሞው ይጨምራል። ከእኔ መኪና በፊት የተሠሩት፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የነበሩት ባለ 6 ቮልት ቮልሶች ባለቤቶች ይህን ከማንም በላይ ልብ ሊሉት ይገባል፤ ያው 40 ዋት በ6 ቮልት 6.7 አምፒር ስለሚስብ፣ ያው ተቃውሞ 1.2 ቮልት ይበላል። በ12 ቮልት ከሃያ አንዱ እጅ የጠፋበት ቦታ በ6 ቮልት ከአምስት አንዱን ይወስዳል። የአምፖል ብርሃን ደግሞ ከቮልቴጁ ጋር በእኩል አይቀንስም፤ ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። «ቮልስ መብራቷ ድሮም ደካማ ነው» የሚለው ወሬ ብዙው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ችግሩ ያለበትን ቦታ ያገኘሁት አዛውንቱ ባሳዩኝ መንገድ ነው፤ ይህንንም ከማጽጃው እኩል ልመክረው እወዳለሁ፤ ያለ እርሱ ማንኛውም ፈሳሽ በጭፍን የሚፈስ ነውና። ብዙ ሰው መገናኛን የሚፈትሸው ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ፣ ቴስተሩን በሚጮኸው ቦታ ላይ አድርጎ ነው። ቴስተሩ በዚያን ጊዜ የሚልከው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በአንዲት ክር ብቻ የተያያዘ ሽቦ እንኳ ደህና ነው ብሎ ይጮኻል። ትክክለኛው መንገድ መብራቱን አብርቶ፣ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጎ፣ አንዱን ጫፍ ከመገናኛው ወዲህ፣ ሌላውን ከመገናኛው ወዲያ ማስነካት ነው። መገናኛው ጤነኛ ከሆነ ንባቡ ለዜሮ የቀረበ ይሆናል። ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ ቮልቱ እዚያ እየጠፋ ነው።

በግራው አጭር መብራት መስመር ላይ ያገኘሁት ይህ ነበር። መብራቱ በርቶ ሳለ የባትሪው ንባብ 12.3 ቮልት፣ አምፖሉ ላይ የደረሰው ደግሞ 10.4 ቮልት ብቻ ነው። የጠፋው 1.9 ቮልት የት የት እንደ ቀረ ደረጃ በደረጃ ስከተለው፣ የመብራት ማብሪያው ላይ 0.5፣ ረጅምና አጭር የሚያቀያይረው ሪሌ ላይ 0.2፣ ፊውዙ ላይ 0.6፣ ቡናማው የማሳ ሽቦ ከቦዲው ጋር በሚታሰርበት ብሎን ላይ 0.4 ሆኖ አገኘሁት። ለሽቦው ራሱ የቀረው 0.2 ነበር። እንዲቀየር የተፈረደበት ሽቦ ከጠፋው ውስጥ ከአሥር አንድ እጅ ብቻ ተጠያቂ መሆኑን ባየሁ ጊዜ የተሰማኝ እፎይታ ቀላል አልነበረም። የጀርመን መኪና ሽቦ ለመከተል የተመቸ መሆኑንም ሳላነሣ አላልፍም፤ ቡናማ ማሳ ነው፣ መገናኛው ላይ የተጻፈው 30 ሁልጊዜ ከባትሪ ኤሌክትሪክ ያለው፣ 15 ቁልፍ ሲዞር የሚመጣው፣ 56 የፊት መብራት፣ 31 ደግሞ ወደ ማሳ የሚመለሰው ነው። ይህን የተረዳ ሰው ንድፉን ሳይዝ እንኳ ብዙ ርቀት ይሄዳል።

አሁን ወደ ፈሳሹ ልምጣ። የመኪናዋ ፊውዝ ሳጥን ከዳሽቦርዱ ሥር ከመሪው አጠገብ ነው፤ አሥር ፊውዝ፣ ስለዚህም ሃያ ጥፍር አለው። የግራና የቀኝ አጭር መብራት የየራሳቸው ፊውዝ ስላላቸው ሁለቱን በተለያየ መንገድ አጽድቼ ማነጻጸር ቻልኩ። በቅድሚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። የቀኙን ፊውዝ አውጥቼ በሁለቱ ጥፍሮች ላይ አንዳንድ ጠብታ ዲኦክሲት ብቻ አደረግሁ፤ ሳልቦርሽ አሥር ደቂቃ ጠብቄ፣ ፊውዙን መልሼ ቦታው ላይ ደጋግሜ አሽከረከርኩት፣ ከዚያም ጥፍሩን በጥጥ ጨርቅ ጠረግሁ። ጨርቁ ላይ የወጣው ጥቁር ነበር። ባትሪውን አገናኝቼ ስለካው አስቀድሞ 0.55 የነበረው ወደ 0.2 ወርዷል። ሳይቦረሽ ይህን ያህል መውረዱ ፈሳሹ ኦክሳይዱን እንደሚያሟሟ ይጠቁመኛል፤ ምንም እንኳ ማሽከርከሩና መጥረጉ የራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም።

የግራውን ግን በመጀመሪያ በትንሽ የናስ ብሩሽ ጥፍሮቹ እስኪያበሩ ድረስ ፈተግሁ፤ የላላውን ጥፍር በፒንሳ በእርጋታ ወደ ውስጥ መለስኩት፤ ከዚያ ጠብታውን አድርጌ፣ አዲስ ነጭ ባለ 8 አምፒር ፊውዝ አስገብቼ እንደ ፊተኛው አሽከረከርኩት፣ ጠረግሁት። ንባቡ ከ0.6 ወደ 0.05 ወረደ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በዚህ ዕቃ ላይ ያለኝ ፍርድ ዋናው መሠረትም እዚህ ላይ ነው። ዲኦክሲት ስሱን ሽፋን ያሟሟል፣ ብሩሽ የማይገባበት ጥግ ይደርሳል፣ ካሟሟ በኋላም አየርና እርጥበት በቶሎ እንዳይመለስ ስስ ፊልም ይተዋል። የወፈረውን አረንጓዴ ግን ብቻውን አይጨርሰውም፣ የላላ ጥፍርንም ሊያጠብቅ አይችልም። በብሩሽና በፒንሳ ከተሠራ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ እጅ እንጂ የእነርሱ ምትክ አይደለም። ይህን ተረድቶ የሚገዛው ሰው አያዝንበትም።

ያልተበረዘው ይሻላል ያልኩትም ለዚህ ነው። የሚረጨው ዓይነት ቆሻሻን አጥቦ ለማውጣትና ሊፈታ የማይችል ማብሪያ ውስጥ ለመግባት ይመቻል፤ በፊውዝ ሳጥን ላይ ግን አብዛኛው በዙሪያው ባለው ፕላስቲክና ምንጣፍ ላይ ይፈስሳል። የብልቃጧ መርፌ ጠብታውን ከታለመው ቦታ ላይ ብቻ ታኖራለች። ሃያውን ጥፍር፣ የሪሌውን እግሮችና የፊት መብራቶቹን ሶኬት ጨርሼ ከብልቃጧ የጎደለው ከሁለት ሚሊ ሊትር ብዙ አይበልጥም ነበር። ሰዎች የሚሳሳቱት መጠን ላይ ይመስለኛል፤ ጠብታው ሥራውን ከሠራ በኋላ የተረፈው መጠረግ አለበት፣ አለዚያ ያሟሟውን ቆሻሻ ይዞ እዚያው ይቀመጣል፣ አቧራም ይሰበስባል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ መድገም ይገባል።

የማሳውን ብሎን የሠራሁት በሌላ መንገድ ነው። እዚያ ያለው ዝገት የቦዲው ላሜራ ዝገት ስለሆነ ለዲኦክሲት የሚገባ ሥራ አይደለም። ብሎኑን ፈትቼ፣ ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፋቅሁ፣ የሽቦውን ቀለበት በብሩሽ አጸዳሁ፣ በመካከላቸው አንድ ጠብታ አድርጌ ጠረግሁ፣ አዲስ ሮንዴላ ጨምሬ አጠበቅሁት፣ ከታሰረ በኋላም ውኃ እንዳይገባ ዙሪያውን ግራሶ ቀባሁት። 0.4 የነበረው 0.05 ሆነ። ሪሌው ከ0.2 ወደ 0.1 ወረደ። ማብሪያው ከ0.5 ወደ 0.25 ብቻ ወረደ፤ ስለ እርሱ ቆይቼ እመለሳለሁ። በአጠቃላይ አምፖሉ ላይ የሚደርሰው 11.65 ቮልት ሆነ፤ ብርሃኑ ቀድሞ ከነበረው ወደ አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ አደገ ማለት ነው። በዚያ ምሽት ያንኑ ግንብ ዳግመኛ ሳየው ነጭ ነበር። አባቴ ከቤት ወጥተው ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩትና፣ «እንዲህ ነበረች እኮ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጠብታዋን ይዤ መኪናዋን ዞርኳት። ከኋላ የፍሬን መብራት ሲረገጥ ፍሬቻው አብሮ ጭል ጭል ይል ነበር፤ ይህ የማሳ መጥፋት የታወቀ ምልክት ነው፤ ኤሌክትሪኩ የተዘጋውን መንገድ ትቶ በሌላው አምፖል በኩል ሲመለስ የሚታይ ነው። የአምፖል ሶኬቶቹን ውስጥ በጥርስ ብሩሽና በዲኦክሲት፣ ፋኖሱ ከፓራፋንጎው ጋር የሚታሰርበትን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ ተስተካከለ። በአንድ በኩል ፍጥነቱን ያጣ የነበረው ፍሬቻም በዚያው ዳነ። ክላክሱም አልፎ አልፎ ዝም ይል ነበር፤ በቮልስ የክላክሱ ኤሌክትሪክ ማሳ የሚያገኘው በመሪው አምድ በኩል ሲሆን፣ አምዱን ከመሪ ሳጥኑ የሚያያይዘው ጎማ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ በላዩ የምትሻገር አንዲት አጭር ሽቦ አለች። የእርሷን ሁለት ጫፎች ማጽዳት በቂ ሆነ። ክላክሱን አውጥቶ የጣለ ሰው አውቃለሁ፤ እርግጠኛ ባልሆንም የእርሱም በሽታ ያቺው አጭር ሽቦ ትመስለኛለች።

ፈሳሹ የማይገባባቸውን ቦታዎች በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የባትሪ ራስ ነው። እዚያ የሚወጣው ነጭና ሰማያዊ ነገር የእርሳስና የመዳብ ሰልፌት፣ ከአሲድ የመጣ ስለሆነ፣ ኔጋቲቩን አስቀድሞ ፈትቶ፣ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውኃ በጥብጦ ማፍሰስ፣ አረፋው ሲያበቃ በንጹሕ ውኃ ማጠብና በብሩሽ መፈተግ ይበቃል፤ ብጥብጡ ብቻ ወደ ባትሪው ክዳኖች ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ነው። ውድ ጠብታ እዚያ ላይ ማባከን አያስፈልግም፤ ሲደርቅና ሲታሰር ቫዝሊን ወይም ግራሶ ይቀባል። ሁለተኛው የዲስትሪቢዩተሩ ፑንቲና ነው። ፑንቲና ሲከፈትና ሲዘጋ ብልጭታ ያወጣል፤ በላዩ ዘይታም ፊልም ከቀረ ይቃጠልና ጥቁር ሆኖ ያስቸግራል። እዚያ የሚያስፈልገው ደረቅና ንጹሕ ገጽ ነው። ሦስተኛው ሽቦው ከጫፉ ብረት ጋር ተጨምቆ የታሰረበት ቦታ ነው፤ ውስጡ አረንጓዴ የሆነ መዳብ በላዩ በሚንጠባጠብ ነገር አይመለስም፤ እስከ ጤነኛው መዳብ ተቆርጦ አዲስ ጫፍ ይታሰርለታል። በ1969 ቮልስ ላይ አብዛኞቹ 6.3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው የሚሰኩ ጫፎች ስለሆኑ በቀላሉ ይገኛሉ።

በአገራችን በተለመዱት ዘዴዎችና በዚህ ዕቃ መካከል ያለውን ልዩነት የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ቤንዚን ቅባትን ያነሣል፣ ኦክሳይድን ግን አይነካም፤ የቮልስ የቤንዚን ታንክ ራሱ ከፊት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በፊውዝ ሳጥን አጠገብ ተጨማሪ ቤንዚን ሊከፍት አይገባውም። ሎሚና ጨው ናስን ያበራሉ፤ ነገር ግን ጨው በጥንቃቄ ታጥቦ ካልወጣ ዝገቱን ይበልጥ ይጠራል፤ ታጥቦ በማይወጣበት የፊውዝ ሳጥን ውስጥ ፈጽሞ አልመክረውም። ብርጭቆ ወረቀት በናስ ጥፍር ላይ ያለውን ስስ የቆርቆሮ ቅብ ፍቆ ያነሣዋል። አምና ሌላ ፊውዝ ላይ ሞክሬው በዕለቱ ድንቅ ውጤት ሰጥቶኝ፣ ክረምቱ ሳያልቅ ግን ጥፍሩ ከቀድሞው ይበልጥ ጠቁሮ አግኝቼዋለሁ። በየሱቁ የሚገኘው ደብሊውዲ 40 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲፈጠር ዓላማው ውኃን ማባረር ነበር፤ ዛሬም ዝናብ የገባበትን የዲስትሪቢዩተር ክዳን ለማድረቅ፣ የተጣበቀ ብሎን ለማላቀቅ ጥሩ ነው። የመገናኛ ማጽጃ ግን አይደለም፤ አምራቹም ለዚህ ሥራ የተለየ ዓይነት ለብቻው ይሸጣል። የፊውዝ ችግር ሲመጣ በፊውዙ ላይ የሲጋራ ብርማ ወረቀት መጠቅለልን ግን ከእነዚህ ጋር እንኳ ላነጻጽረው አልፈልግም፤ መኪና የሚያቃጥል ልማድ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ዲኦክሲት ርካሽ አይደለም፤ ያቺ ትንሽ ብልቃጥ ከአንድ ደህና አምፖል በላይ ታስወጣለች፣ እዚህም በቀላሉ ስለማትገኝ ሰው ማስቸገር ይጠይቃል። በሌላ በኩል አንዲት ብልቃጥ ለብዙ መኪና ትበቃለች። የእኔን አራት የቮልስ ባለቤቶች ወዳጆቼ ተጋርተውኛል፣ ገና ግማሿ አላለቀም። ብቻውን ለሚሠራና ለአንዲት መኪና ብቻ ለሚፈልግ ሰው በናስ ብሩሽ፣ በአዳዲስ ፊውዞችና በቴስተር የሚገኘው ውጤት አብዛኛውን መንገድ ያደርሰዋል፤ ብሩሽ የማይገባባቸው ሶኬቶች፣ ሪሌዎችና ማብሪያዎች ላይ ግን ይህን የሚተካ ነገር እስካሁን አላገኘሁም። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዱን የከለከልኩት ለዋጋውና ለመገኘቱ ችግር እንጂ ለሥራው አይደለም።

ፍርዴን ለመጻፍ ክረምቱ እስኪያልፍ የጠበቅሁት ሆን ብዬ ነው። ማንኛውም ነገር በጸዳ ዕለት ጥሩ ይነበባል። በመስከረም መጨረሻ፣ መኪናዋ ሐምሌንና ነሐሴን በውጭ ካደረች በኋላ፣ በእነዚያው ቦታዎች ዳግመኛ ለካሁ። በብሩሽና በጠብታ የተሠራው የግራው ፊውዝ 0.06 ነበር፤ ምንም አልተለወጠም ለማለት ይቻላል። በጠብታ ብቻ የተሠራው የቀኙ ከ0.2 ወደ 0.25 ከፍ ብሏል፤ እርሱንም በብሩሽ ደግሜ ሠርቼው አሁን ከግራው ጋር እኩል ነው። የማሳው ብሎን በግራሶው ሥር ደርቆ ቆይቷል።

የመብራት ማብሪያው ግን በ0.25 ላይ እንደ ቆመ ነው። ሁለት ጊዜ ጠብታ አድርጌ፣ ሃምሳ ጊዜ ያህል እያበራሁ እያጠፋሁ ሞከርኩት። ውስጡ ያለው ነጥብ በብልጭታ ተበልቶ ጎድጉዷል ብለው አዛውንቱ ነግረውኛል፤ የተበላ ብረትን ደግሞ የትኛውም ፈሳሽ አይመልሰውም። ሶማሌ ተራ ከአሮጌ ቮልስ የወጣ ደህና ማብሪያ እየፈለግሁ ነው፤ ሳገኝም ከመክፈሌ በፊት እዚያው ባትሪና አምፖል አያይዤ፣ ቴስተሩን በ30 እና በ56 ላይ አስነክቼ እለካዋለሁ።